የድሮ ጣረ ሞት ሥራውን ያውቅ ነበር

የዘመኑ ሰው መለወጡ አይደንቀኝም። ሰው ድሮም ጠዋት ያለውን ማታ አይደግመውም። እኔን ያንገበገበኝ የዘመኑ ጣረ ሞት ነው። አንዴ ሞቶ ከተገላገለ በኋላ ምን ነክቶት ተለወጠ? የድሮው ጨለማ መርጦ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ሰው ብቻውን እስኪቀር ጠብቆ ነበር የሚመጣው። የዛሬው መብራቱን ቦግ አድርጎ፣ ሙዚቃ አስከፍቶ፣ ካሜራው በየት በኩል እንዳለ አረጋግጦ ይመጣል። ከዚያም ሰው ላይ ያስታውካል። አዎ፣ ያስታውካል! እመለስበታለሁ።

ነገሬ ስለ «ጎስትባስተርስ» ፊልም ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ጣረ ሞት አስቸገረኝ ያለ ሰው ስልክ ሲደውል፣ ቱታ ለብሰው፣ መሣሪያ አዝለው የሚመጡ፣ መንፈሱን አጥምደው ሒሳባቸውን የሚቀበሉ ሰዎች ታሪክ ነው። የመጀመሪያውን በ1984 አይቫን ራይትማን አዘጋጀው፤ ዳን አክሮይድና ሃሮልድ ራሚስ ጻፉት፣ ራሳቸውም ከቢል መሪና ከኧርኒ ሃድሰን ጋር ተወኑበት። በ2016 ደግሞ ፖል ፊግ የሚባል ዳይሬክተር ያ ሁሉ እንዳልነበረ ቆጥሮ፣ ከሀ ጀምሮ፣ በአራት ሴቶች እንደገና ሠራው፦ ሜሊሳ መካርቲ፣ ክሪስተን ዊግ፣ ኬት መኪነን እና ሌዝሊ ጆንስ። (ዓመቱን በፈረንጅ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። የፈረንጅ ጣረ ሞት በፈረንጅ ቢቆጠር ይሻላል።)

እኛ ቤት በዚህ ጉዳይ ሰላም የለም። ወንዱ የልጅ ልጄ የ1984ቱ ወገን ነው። ያ ፊልም ሲወጣ አባቱ ገና ፊደል አልቆጠረም ነበር፤ እሱ ግን ሲያወራ አብሮ የቀረጸ ይመስላል። ሴቷ የልጅ ልጄ ደግሞ ስለ 2016ቱ ክፉ ከተናገረ ሰው ጋር ማዕድ አትቀርብም። እኔ የመጀመሪያውን በወጣበት ዓመት፣ ዋሽንግተን ውስጥ መኪና ማቆሚያ ስሠራ፣ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ቤት ገብቼ ያየሁ ሰው ነኝ። በሕግ ቢኬድ የዓይን ምስክሩ እኔ ነበርሁ። ማን ይጠይቀኛል! «አባባ፣ ሪሞቱን አቀብለኝ» ነው የምባለው።

ጠቡ የእኛ ቤት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በ2016 የአዲሱ ፊልም ትሬይለር ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ፣ እስከዚያ ድረስ ከወጡት የፊልም ትሬይለሮች ሁሉ ብዙ ሰው «አልወደድሁትም» ያለበት እርሱ ሆነ። ፊልሙ እኮ ገና ሲኒማ ቤት አልገባም! ሐምሌ ላይ ሲገባ ደግሞ ሌዝሊ ጆንስ ላይ ትዊተር ውስጥ የዘረኝነት ስድብ አወረዱባትና ለጊዜው ትታው ወጣች። ምን አደረገቻቸው? ፊልም ሠራች። ሰዎቹ ሲጠየቁ «የልጅነት ትዝታችንን አበላሹብን» ይላሉ። በትሬይለር የሚበላሽ ልጅነት ምን ዓይነት ልጅነት ነው? የእኔን አንበጣ፣ ኩፍኝና የየኔታ አለንጋ ተፈራርቀውበት አልተበላሸም።

በወዲያኛው ወገንም ጤና አልነበረም። «ፊልሙ አላሳቀኝም» ያለውን ሁሉ ሴት ጠል ነው ማለት ተጀመረ። እኔ ለይሉኝታ ብዬ ብዙ ነገር አድርጌያለሁ፤ የማልወደውን ምግብ በልቻለሁ፣ የማላውቀውን ሰው ለቅሶ ደርሻለሁ። ሳቅ ግን በይሉኝታ አይመጣም።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ክርክሩ የሚያጠነጥነው በቃናውና በጭራቆቹ ላይ ነው። ልጆቹ ሁለቱን ለያይተው ይጣላሉ። አንዱ «የድሮው ይበልጥ ያስቃል» ሲል፣ ሌላዋ «የአዲሱ ጭራቆች ይበልጥ ያምራሉ» ትለዋለች። እኔ ደግሞ ጉዳዩ አንድ ነው እላለሁ። በ1984ቱ ፊልም ውስጥ ጭራቆቹ ኮሜዲ ውስጥ እንዳሉ ማንም አልነገራቸውም። የሚቀልዱት ሰዎቹ ናቸው። ጭራቁ ሥራ ላይ ነው።

የመጀመሪያዋን እንያት። አምስተኛ ጎዳና ላይ፣ ሁለቱ የድንጋይ አንበሶች የሚጠብቁት የኒውዮርክ ትልቁ ቤተ መጻሕፍት አለ። አንዲት ሠራተኛ ወደ ምድር ቤት ትወርዳለች። ከኋላዋ መጻሕፍት በአየር ላይ ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ እርሷ አላየችም። ከዚያ የካርድ መሳቢያዎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱና ካርዱ ይበተን ጀመር። ሴትዮዋ ሮጠች፣ ጮኸች፤ ምን እንዳየች እኛ አናይም። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ቀልድ የለም። ሙዚቃውን ያቀናበረው ኤልመር በርንስታይን ነው፤ «አሥርቱ ትእዛዛት» ለተባለው ፊልም ሙዚቃ የሠራው ሰው። ቀይ ባሕር ሲከፈል ያጀበ ሰው የካርድ መሳቢያ ሲከፈት እንዲያጅብ ተጠርቶ ሥራውን አላቃለለውም። ኦንድ ማርትኖ የምትባል የምታቃስት የኤሌክትሪክ መሣሪያ አስገባበት፤ እስከ ዛሬ ስሰማት አንገቴን ይቀዘቅዘኛል።

በኋላ መሪ፣ አክሮይድና ራሚስ የሚጫወቷቸው ሦስቱ ምሁራን ይወርዳሉ። ጣረ ሞቷ የድሮ ዘመን ቀሚስ የለበሰች አሮጊት ናት፤ ተንሳፋ መጽሐፍ ታነባለች። ቢል መሪ ጠጋ ብሎ ሊያናግራት ሲል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችው። እኔ ይህችን ሴት አከብራታለሁ። ሞታም እንኳ የቤተ መጻሕፍቱን ሕግ ታስከብራለች። ሦስቱ ተማርን ባዮች ምን ዕቅድ እንዳላቸው ስንጠብቅ ዕቅዱ ዘሎ መያዝ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዘለሉ። ፊቷ ተገልብጦ ያ አስፈሪ ነገር ወጣ፤ እየጮኹ ወደ ጎዳናው ተበተኑ። ሳቁ ከየት መጣ? ከሰዎቹ ድንቁርና። ፍርሃቱስ? ከእርሷ። ሁለቱ አልተደባለቁም። ይህን ለልጆቹ ስነግራቸው «አባባ፣ እርሷ እኮ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው የምትታየው» ይሉኛል። እኮ! አክብሮ የመጣ እንግዳም አይቆይም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ የድሮዎቹ እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት ነገር አላቸው። አሮጊቷ ጸጥታ ትፈልጋለች። ሆቴል ውስጥ የገባው አረንጓዴ ሆዳም፣ በኋላ ስላይመር የተባለው፣ ምግብ ይፈልጋል፤ ሌላ አጀንዳ የለውም። ቀንዳም ውሻ የሚመስለው ጭራቅ ደግሞ ሉዊስ የሚባለውን አጭር ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። የእኛ አገር ዛር እንኳ ሲመጣ ያለ ጉዳይ አይመጣም፤ ልብሱን በቀለሙ፣ ሽቶውን በዓይነቱ፣ ቡናውን በሰዓቱ ለይቶ ይጠይቃል። የሚፈልገውን የሚያውቅ መንፈስ ያስፈራል፤ ሊደራደሩትም ይቻላል። የ2016ቱ መናፍስት ምን ፈልገው እንደመጡ የነገረኝ የለም። ይንሳፈፋሉ፣ ያበራሉ፣ ይተፋሉ።

ስለ ሉዊስ ካነሳሁ አይቀር ያችን ትዕይንት ሳልናገር አላልፍም። ሪክ ሞራኒስ ነው የተጫወተው። ቤቱ ድግስ ደግሶ ውሻው ከካፖርት ማስቀመጫው ክፍል ወጣበት፤ ሸሸ፤ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ገብቶ «ታቨርን ኦን ዘ ግሪን» የተባለው ትልቅ ምግብ ቤት መስታወት ላይ ተለጠፈ። ውስጥ ሰዎች እራት ላይ ናቸው። ሰውዬው መስታወቱን እየደበደበ ይጮኻል። ዞር ብለው አዩት። ከዚያ መስታወቱን ታክኮ ተንሸራቶ ሲወድቅ ወደ ሹካቸው ተመለሱ። ጭራቁ አልቀለደም፣ ሉዊስም አልቀለደም፣ ተመጋቢዎቹም አልቀለዱም፤ እኛ ግን በሳቅ ሞትን። ስንስቅ ደግሞ የሆነ ነገር ውስጣችንን ይነካካዋል፤ ከተማ ውስጥ የኖረ ሰው ያን መስታወት ያውቀዋል፤ ከውጭም ሆነ ከውስጥ።

ይህ ሁሉ እንዲሁ አልመጣም። አክሮይድ በጣረ ሞት የሚያምን ሰው ነው። ቅድመ አያቱ ካናዳ ውስጥ ጥርስ ሐኪም ነበሩ፤ ማታ ማታ ደግሞ ሙታን ጠሪዎች ቤታቸው ይሰበሰቡ ነበር። አባቱም በስተርጅና ስለ መናፍስት መጽሐፍ ጽፈዋል። የመጀመሪያው ድርሰቱ ወደፊት በሚመጣ ዘመን፣ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው እየተዘለለ የሚካሄድ ስለነበር ራይትማን በዚህ ገንዘብ አይሠራም አለው። ሁለቱና ራሚስ አክሮይድ ቤት፣ ማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ ተቀምጠው እንደገና ጻፉትና ወደ ምድር አወረዱት፤ ወደ ቤት ኪራይ፣ ወደ ዕዳ፣ ወደ ስልክ ጥሪ። አንዱ ያምናል፣ ሌሎቹ ያወርዱታል። ፊልሙ የቆመው በዚህ ነው። አረንጓዴው ሆዳም ራሱ ያለ ሐዘን አልተፈጠረም። አክሮይድ የቢል መሪን ቦታ የጻፈው ለወዳጁ ለጆን ቤሉሺ ነበር፤ ቤሉሺ ግን በ1982 ሞተ። ያ እየበላ የሚያፈሰው ፍጡር የቤሉሺ መንፈስ ነው ሲል አክሮይድ ኖሯል። በ2016 ይኸው ስላይመር መኪናቸውን ሰርቆ፣ ሊፕስቲክ የተቀባች ወዳጅ ይዞ ኒውዮርክን ሲዞርበት አየሁት። ከልቅሶ ቤት ወደ ጭፈራ ቤት።

አሁን ስለ አዲሱ። ፍርደ ገምድል እንዳልባል ደኅናውን ላስቀድም። አጀማመሩ ጥሩ ነው፤ የድሮ ባለጸጎች መኖሪያ የሆነ ሙዚየም ውስጥ አስጎብኚው በሩን ዘግቶ ሊሄድ ሲል ምድር ቤቱ ያንኳኳል። እዚያ ላይ እኔም ጋቢዬን ሰበሰብሁ። ሌዝሊ ጆንስ የቲያትር ቤት ጓዳ ውስጥ በአሻንጉሊት ሰው የተሞላ ክፍል ከፍታ አይታ፣ አልገባም ብላ ዞር ስትልም ወደድኋት፤ አስተዋይ ሴት። አንደኛው አሻንጉሊት ተከትሏት መውጣቱ ደግሞ የድሮው ዓይነት ሥራ ነው። ክሪስ ሄምስዎርዝ የሚጫወተው ደደብ ጸሐፊ መነጽሩ እየቆሸሸ ስላስቸገረው መስታወቱን አውልቆ ጥሎታል። እዚህ ላይ ሻይ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ኬት መኪነን በሁለት እጇ ሽጉጥ ይዛ መናፍስቱን ስታርበደብድ ሴቷ የልጅ ልጄ ሶፋው ላይ ቆማ ነው የምታየው፤ እኔም አልከለክላትም።

ታዲያ ምን ጎደለው? መብራቱ በዝቶበታል። መናፍስቱ ሰማያዊና አረንጓዴ ሆነው ይንቦገቦጋሉ፤ ሙሽሮቹ እስኪመጡ የሚጠበቅበት የሠርግ አዳራሽ ይመስላል። ባለሙያዎቹ አልደከሙም አልልም። ብዙዎቹን መናፍስት መጀመሪያ ሰው ተውኗቸዋል፤ በኮምፒዩተር የተጨመረው በኋላ ነው። በሦስት አውታር በሚታየው ቅጂ ደግሞ መናፍስቱ ከምስሉ በላይና በታች ያለውን ጥቁር መስመር አልፈው ወደ ተመልካቹ ይፈሳሉ። ብልሃት ነው፣ አደንቃለሁ። ግን ይህን ያህል የሚያበራ ነገር እንዴት ይደበቃል? ካልተደበቀስ እንዴት ያስደነግጣል? በድሮው ዴና የምትባለው ሴት፣ ሲገርኒ ዊቨር ማለት ነው፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሳለ ጨርቁን ቀድደው የወጡ እጆች ያዟት። እጆቹ አላበሩም። እጅ ነበሩ።

ከዚያ ያ ማስታወክ። የሙዚየሙ እመቤት ጣረ ሞት መጀመሪያ ስትገለጥ እውነትም ታምራለች፤ ክሪስተን ዊግ እንባዋ እስኪመጣ በደስታ ትጠጋታለች። አሁን አንድ ነገር ሊሆን ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝሁ። አፏን ከፈተችና አረንጓዴ ልጋግ እንደ ቧንቧ ለቀቀችባት። በድሮውም ልጋግ አለ፤ ቢል መሪ ሆቴሉ ኮሪደር ላይ ተለድፎ ወድቆ አይተናል። ልዩነቱ፣ እዚያ ስላይመር ሲበርበት አየን እንጂ ሲመታው አላየንም፤ ጓደኛው ሮጦ ሲደርስ ነው ወድቆ ያገኘው። እዚህ ልጋጉ ሲወጣም፣ ሲደርስም፣ ሲንጠባጠብም አሳዩን፤ ከዚያ የት የት እንደገባ በቃል አብራሩልን። ቀልድ ከተብራራ ቀልድ አይደለም፤ ሪፖርት ነው።

ይህ የአዲሱ ፊልም ዋና በሽታ ይመስለኛል። ፊግ ተዋንያኑን ልቀቁ፣ ፍጠሩ፣ ተናገሩ የሚል አዘጋጅ ነው፤ «ብራይድስሜይድስ» በተባለው ፊልሙ ሠርቶለታል። ቢል መሪም ከድርሰቱ ውጭ ይናገር ነበር። ግን መሪ ይናገርና ትቶት ይሄዳል። ሰማችሁት አልሰማችሁት የእናንተ ጉዳይ ነው። በአዲሱ አንዷ ትቀልዳለች፣ ሌላዋ ትጨምርበታለች፣ ሦስተኛዋ ታርማለች፣ ጭራቁ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። በቻይና ሾርባ ውስጥ ዋንቶን የሚሉት የተሞላ ሊጥ አነሰ የሚል ቀልድ ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ተከተለን። እኔ በዕድሜዬ ስለ ሾርባ ብዙ አማርሬ አውቃለሁ፤ የዓለም ፍጻሜ ሲቃረብ ግን አቆማለሁ።

ጎዘርንና ሮዋንን ላወዳድር። ጎዘር የድሮው ፊልም አምላክ ናት፤ በጥንት ሱመር ትመለክ ነበር ይላል ታሪኩ። ስላቪትሳ ዮቫን የምትባል ዩጎዝላቭ ሞዴል ተጫውታታለች፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነው። ሴንትራል ፓርክ አጠገብ ባለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ብቅ አለች። አምላክ ነህ ወይ ብላ አክሮይድን ጠየቀችው። ሰውዬው እውነቱን፣ አይደለሁም አለ። በመብረቅ ልትጥላቸው ነበር። ኧርኒ ሃድሰን የሚጫወተው ዊንስተን ምን እንደነገረው የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይህች ጎዘር ቂም የላትም። ማንም አልሰደባትም፣ በልጅነቷ ማንም አልገፋትም። ስትመጣ ታጠፋለች፤ ሥራዋ ነው። የአዲሱ ሮዋን ግን የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ ነው፤ ሰዎች ናቁኝ ብሎ፣ መሣሪያ ቀጣጥሎ፣ ራሱን ገድሎ ዓለምን ሊያጠፋ የተመለሰ። የልጅ ልጄ፣ ይህ ሰው ፊልሙን ሳያዩ የተሳደቡትን ነው የሚመስለው አለችኝ። አልካድኋትም፤ አስተያየቷ ሹል ነው። ነገር ግን ሮዋን ግዙፍ ሆኖ ታይምስ ስኩዌር ላይ ሲቆም አራቱ ሴቶች የት ላይ እንደተኮሱበት ለመጻፍ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ያየ ያውቀዋል። የጎዘርን ቤተ መቅደስ ያየ ሰው ይህንን ሲያይ ምን ይላል?

ደግሞ መፍጫው! በታይምስ ስኩዌሩ ጦርነት መናፍስትን በማሽን የምትፈጭ አለች፣ በቡጢ የምትበታትን አለች፣ ቦምብ የምትወረውር አለች። ልጠይቅ፤ የሞተ ሰው ሲፈጭ ወዴት ይሄዳል? በድሮው መንፈስ አይገደልም፤ ይጠመዳል፣ ምድር ቤት ካለው ማጠራቀሚያ ይገባል፣ ይከማቻል። የአካባቢ ጥበቃው ሹም ዋልተር ፔክ በፖሊስ ታጅቦ መጥቶ ኤሌክትሪኩን ሲያስቆርጥ የተከማቸው ሁሉ ጣሪያ በርቅሶ በከተማው ላይ ወጣ። አያችሁ፣ ያጠመዳችሁት ሁሉ ዕዳ ሆኖ ታች ተቀምጧል። የሚፈጭ መንፈስ ግን ዕዳ የለበትም፤ ስለዚህ አይከብድም።

ዕዳ ካልሁ አይቀር፤ የድሮው ፊልም በእኔ ዓይን የጭራቅ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የአነስተኛ ንግድ ታሪክ ነው። አክሮይድ ከወላጆቹ የወረሰውን ቤት በ19 በመቶ ወለድ አስይዞ ይበደራል። የፈራረሰ የእሳት አደጋ ጣቢያ ውስጥ ይገባሉ። የ1959 ካዲላክ አሮጌ አምቡላንስ በ4,800 ዶላር ይገዛል፤ መኪናው ላይ የተበላሸውን ሲዘረዝር ያልተበላሸውን ቢነግራቸው ይቀለው ነበር። የመጀመሪያውን ጣረ ሞት ይዘው የሆቴሉን አዳራሽ ካወደሙ በኋላ ለሥራ አስኪያጁ 5,000 ዶላር ይጠይቁታል። አልከፍልም ሲል፣ እሺ እንመልስልዎ አሉት። ከፈለ! በአሜሪካ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ የሚያውቅ ሐበሻ ሁሉ ይህን ፊልም እንደ ዘመድ ታሪክ ሊያየው ይገባል። ዊንስተንማ ወንድሜ ነው። ሥራ ሊጠይቅ ሲገባ፣ በዩፎ ታምናለህ፣ በመናፍስት ታምናለህ እያሉ ሲደረድሩበት፣ ደመወዙ ካልቀረ ሁሉንም አምናለሁ ዓይነት መልስ ሰጠ። እኔም አሜሪካ እንደገባሁ ለቃለ መጠይቅ ስቀርብ መልሴ ይኸው ነበር። በአዲሱ ግን የእሳት አደጋ ጣቢያውን ሊከራዩ ሄደው ዋጋውን ሰምተው ሸሹ፤ ይህች ቀልድ እውነት ስለሆነች አሳቀችኝ። በመጨረሻ ከንቲባው በአደባባይ አታላዮች ናቸው እያስባለ በስውር በጀት መደበላቸው። የመንግሥት በጀት የሚበላ ጣረ ሞት አዳኝ! ከዚህ በኋላ ምን ያስጨንቀዋል?

እዚህ ላይ ሴቷ የልጅ ልጄ አቋረጠችኝ። «አባባ፣ ያንተ ፊልም ውስጥ ሴቶቹ ምን ይሠራሉ?» አለች። አንዷ ስልክ ታነሳለች፣ አልሁ። «ሌላዋስ?» ጋኔን ይይዛታል። «ቢል መሪ የሚጫወተው ቬንክማን ተማሪውን ልጅ በከንቱ በኤሌክትሪክ ሲያስደነግጥ፣ ለቆንጆዋ ግን ስትሳሳት እንኳ ልክ ነሽ ሲላትስ? ዊንስተንስ ለምን ፊልሙ ወደ ግማሹ ሲጠጋ ነው የመጣው?» ስለ ዊንስተን እውነቷን ነው። ኧርኒ ሃድሰን መጀመሪያ ያነበበው ድርሰት ላይ ቦታው ሰፊ እንደነበር፣ ቀረጻው ሊጀመር ሲል እንደተቆረጠበት ራሱ ተናግሯል። ስለ ሌላውም መልስ ፈለግሁ። ወንድሟ ወደ ጣሪያው ያያል። ጨዋታ ለመቀየር ሻይ ይቀቀል አልሁ።

ሻዩ እስኪመጣ ስለ ማርሽሜሎው ሰውዬ ልንገራችሁ። ጎዘር የሚያጠፋችሁን መልክ ምረጡ ትላለች። ሁሉም ሐሳባቸውን ባዶ ለማድረግ ሲታገሉ፣ አክሮይድ በልጅነቱ የሚወደውን፣ ክፉ ሊያደርግ የማይችለውን አሰበ፤ የከረሜላ ማስታወቂያ ላይ ያለውን ወፍራም ነጭ ሰውዬ። መጣ። የመርከበኛ ኮፍያ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ከሕንፃ በላይ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያን ረግጦ መጣ። እውነተኛ ሰው ነው ያን ልብስ ለብሶ በትንንሽ የተሠራ ጎዳና መሃል የሄደው፤ ሲፈነዳ በፔክ ላይ የተደፋው ነጭ ነገርም የመላጫ አረፋ ነው። በእጅ የሚዳሰስ ሥራ! የእኔን ክርክር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ የለም። መልኩ ቀልድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ቀልድ አይደለም። ፈገግታው እሳት ሲነካው ወደ ቁጣ ሲለወጥ እዩት። በ2016 ይኸው ሰውዬ የሰልፍ ፊኛ ሆኖ መጣና በኪስ ቢላ ተወግቶ ተነፈሰ። ክብሩን ገፈፉት።

የድሮዎቹ ተዋንያንም በአዲሱ ውስጥ እየገቡ ወጥተዋል። መሪ መናፍስት የለም ባይ ሆኖ መጥቶ በመስኮት ተወረወረ፤ አክሮይድ ታክሲ ይነዳል፤ ሃድሰን የሌዝሊ ጆንስ አጎት ነው፤ ራሚስ በ2014 ስላረፈ በሐውልት ታየ። እያንዳንዱ ሲገባ ፊልሙ ቆሞ እጅ ይነሳል። አክብሮቱን አልጠላሁም፤ ግን እንግዳ ሲበዛ ባለቤቱ ሥራ ይፈታል።

ከዚያ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። የ2021ዱን የራይትማን ልጅ ጄሰን ሠራው፤ ከሳቅ ይልቅ ስግደት በዛበት፤ ኮሜዲውን ጽላት አድርገው ዞሩበት። የ2024ቱ ከተማውን በበረዶ ሞላው፤ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ከፍርሃት ግን አይደለም። በ1989 የወጣው ሁለተኛው ፊልም ከእነዚህ ይሻላል፤ የከተማው ሰው ጥላቻ ከመሬት በታች ሮዝ ልጋግ ሆኖ ሲፈስ አሳይቶናልና።

የገንዘቡን ነገር ወንዱ የልጅ ልጄ እንድጽፍ ለምኖኛል። የ1984ቱ በመጀመሪያ ዙሩ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ወደ 229 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። የ2016ቱ 144 ሚሊዮን ወጥቶበት በመላው ዓለም ያስገባው ይኸው ወደ 229 ሚሊዮን ነው። ቁጥሩ አንድ፤ ዶላሩ ግን በ32 ዓመት ምን ያህል እንደቀለለ ለጡረተኛ መንገር አያስፈልግም።

ፍርዴን ልስጥና ልነሳ። የ1984ቱ ይበልጣል፤ የሚበልጠውም ወንዶች ስለሠሩት አይደለም፣ ጭራቆቹ ስለማይቀልዱ ነው። የ2016ቱ የተሰደበውን ያህል መጥፎ አይደለም፤ አራቱ ሴቶች ከተሰጣቸው ድርሰትና መብራት በላይ ናቸው። የልጅ ልጆቼ ይህን ፍርድ ሁለቱም አልተቀበሉትም፤ ይግባኝ ይበሉ። ሁለቱንም አይታችሁ የምትከራከሩ ሁሉ ቤቴ ክፍት ነው፣ ኑና እንጨቃጨቅ። አንዱን ብቻ አይታችሁ፣ ወይም ትሬይለሩን ብቻ አይታችሁ የምትሳደቡ ግን እኔ ዘንድ አትምጡ፤ ቡና የለም።